ባሕር የሌላት የወደብ ከተማ፦ ጅግጅጋና የመንገደኛ ወዳጅነት

ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ባሕር ያልተናገረ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ከባድ ነው። ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ፣ ከሞቃዲሾ የተሰማው ቁጣ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ የወጣው መግለጫ፤ ሁሉንም እዚህም እዚያም ተከራክረንበታል። ስለ ኪራይ ዘመን፣ ስለ ባሕር ኃይል፣ ስለ ወደብ ክፍያ ብዙ ተብሏል። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ አልሰማሁም። ወደብ ላይ የሚኖር ሰው ምን ዓይነት ጠባይ ያስፈልገዋል?

ወደብ ማለት ክሬንና ኮንቴይነር ብቻ አይደለም። ዛሬ መጥቶ ነገ ከሚሄድ ሰው ጋር አብሮ መኖር ነው። ከማያውቁት ጋር በፍጥነት መግባባት፣ ከተግባቡት ጋር በሰላም መለያየት፣ ከተለያዩት ጋር ደግሞ ሌላ ቦታ ሲገናኙ ካቆሙበት መቀጠል ነው። ይህ ችሎታ ባቦጋያ ባለው የማሪታይም አካዳሚ ወይም ባሕር ዳር በሚሰጠው የመርከበኞች ሥልጠና ብቻ አይገኝም። ትምህርት ቤቱ በእጃችን ያለ ከተማ ነው፤ ጅግጅጋ ይባላል። ችግሩ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳንማር መውጣታችን ነው።

*ቤታቸው ጀልባቸው የሆነ ሰዎች*

ነገሩን ከሩቅ ልጀምር። በዓለም ላይ ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው፣ አሥር አሥራ ሁለት ሜትር በምትረዝም የሸራ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ለሁለት ሳምንት የሚዝናኑ ቱሪስቶች አይደሉም፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው መርከበኞችም አይደሉም። ጡረተኞች፣ ልጆቻቸውን ጀልባው ላይ የሚያስተምሩ ባልና ሚስቶች፣ ኮምፒውተራቸውን ይዘው የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ኑሯቸው በነፋስ ይወሰናል። አውሎ ነፋስ በሚበዛበት ወቅት አንድ የተከለለ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይጠለላሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ መልሕቃቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። ከእስያ ወደ ሜዲትራኒያን የሚሻገሩት እኛው ደጃፍ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር በኩል ያልፉ ነበር፤ የባሕር ላይ ውንብድና ሲበረታ መስመሩን የሚደፍሩት ተመናመኑ።

የእነዚህ ሰዎች ፈተና ማዕበል ብቻ አይደለም። ብቸኝነትም አለ። ጎረቤትህ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ዕቁብ የለም፣ ዕድር የለም፣ አብሮ አደግ የለም። ታዲያ እንዴት ይወዳጃሉ? ጥቂት ልማዶች አሏቸው።

አንደኛ፣ ጠብቀው አይቀመጡም። አዲስ ጀልባ ሲመጣ በትንሿ የጎማ ጀልባቸው ቀዝፈው ሄደው ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። ሁለተኛ፣ ብዙ ጀልባዎች በሚያርፉባቸው ባሕረ ሰላጤዎች ጠዋት ጠዋት በመገናኛ ሬዲዮ ይሰባሰባሉ። ማን መጣ፣ ማን ሊሄድ ነው፣ የአየሩ ሁኔታ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ የፓምፕ መለዋወጫ ያለው አለ ወይ ይባባላሉ። ሦስተኛ፣ ከመጠየቃቸው በፊት ይሰጣሉ። ያጠመዱትን ዓሣ፣ የተረፋቸውን ገመድ፣ ቀጥሎ ስላለው ወደብ የሚያውቁትን ሁሉ። አራተኛ፣ ሲሄዱ ተሰናብተው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ውቅያኖስ ላይ ሲገናኙ ትናንት የተለያዩ ይመስላሉ።

ይህ ሁሉ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ከችግር የተወለደ ነው። ሌሊት ነፋስ ተነስቶ የአንዱ መልሕቅ ከለቀቀ ጀልባው የሚላተመው ከጎረቤቱ ጋር ነው። ባለቤቱ የለም ብሎ ዝም የሚል ጎረቤት የራሱንም ቤት ያጣል። ጊዜ ስለሌላቸው ይፈጥናሉ፤ አንዱ ለአንዱ ዋስትና ስለሆነ ይተሳሰባሉ።

አንድ ትልቅ ጉድለት ግን አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚወዳጁት እርስ በርሳቸው ነው። አሥር ወር የሰነበቱበት መንደር ሰዎች ዓሣ የሚሸጡላቸውና ፓስፖርት የሚመቱላቸው ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ጉድለት ያዙልኝ፤ ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ ይጠቅመናል።

ብቻውን በጀልባ ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ጆሹዋ ስሎከም ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ከቦስተን ተነስቶ በ1898 ተመለሰ። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ፑንታ አሬናስ ከተማ ሲደርስ፣ የማጄላንን የባሕር ወሽመጥ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሳምብሊች የሚባል ሰው ተወዳጀው። ይህ ሰው ከሰጠው ነገር ሁሉ የሚታወቀው አንድ ከረጢት ሚስማር ነው፤ ምንጣፍ የሚመታበት፣ ትንንሹ ዓይነት። በጥንቃቄ ተጠቀምበት፣ አንተው እንዳትረግጠው አለው። ስሎከም ነገሩ ገብቶት ማታ ሲተኛ ጀልባው ወለል ላይ በተነው። ሌሊት በባዶ እግራቸው ተሹለክልከው የወጡበት ሰዎች ሚስማሩን ረግጠው እየጮኹ ከፊሎቹ ታንኳቸው ውስጥ፣ ከፊሎቹ ባሕር ውስጥ ዘለሉ፤ እሱ ግን ከእንቅልፉ ተነስቶ ጥቂት ጥይት ከመተኮስ በቀር ያደረገው ነገር አልነበረም። ብቸኛውን ሰው ያዳነው ከጠመንጃው ይልቅ አገሩን የሚያውቅ ወዳጅ ነው።

*ሶማሌዎች ለዚህ ስም አላቸው*

በአማርኛ «ዘላን» ስንል ብዙ ጊዜ ሥር የሌለው፣ የማይታመን፣ ቤት የማያውቅ ማለታችን ነው። ስድብ አድርገነዋል። የሶማሌ አርብቶ አደር ግን ስለ ወዳጅነት ከእኛ የበለጠ አስቦበታል፤ ምክንያቱም ሳያስብበት መኖር አይችልም ነበር።

ከሰላምታው እንነሳ። ሶማሌ ሲያገኛችሁ «ኢስካ ዋራን» ይላል። እኛ «እንደምን ነህ» ብለን እንተረጉመዋለን እንጂ ቃል በቃል «ስለ ራስህ ወሬ ንገረኝ» ማለት ነው። ዝናብ የት ዘነበ? ግጦሹ እንዴት ነው? ጉድጓዱ ውሃ አለው? መንገዱ ሰላም ነው? በረሃ ላይ ለተገናኙ ሁለት ሰዎች ይህ ጨዋታ ማድመቂያ አይደለም፤ ግመሎቻቸው የሚተርፉበት መረጃ ነው። ከጀልባዎቹ የጠዋት ሬዲዮ ጋር አስተያዩት። አንድ ናቸው። እንኳን ደህና መጣህ የሚለውም «ሶ ዳዎ» ነው፤ «ቅረብ» ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን «አባን» የሚባለው ሥርዓት ነው። ድሮ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ መሀል አገር የሚዘልቅ ነጋዴ፣ ወይም ከሐረር ወደ በርበራ የሚወርድ ሲራራ፣ በማያውቀው ጎሣ መሬት ብቻውን አያልፍም ነበር። ከዚያው ጎሣ አንድ ሰው አባን ይሆነዋል። አባኑ መንገድ ያሳያል፣ ያስተረጉማል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ቤቱ ያሳርፋል። ከሁሉ በላይ ግን የእንግዳው ደም የእሱ ደም፣ የእንግዳው ንብረት የእሱ ክብር ይሆናል። እንግዳውን የነካ አባኑንና ወገኑን ነካ። በምላሹ አባኑ ድርሻውን ያገኛል። ወዳጅነቱ ግዴታ አለው፣ ጥቅም አለው፣ ምስክር አለው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነስቶ፣ ዛሬ የጅግጅጋ ሜዳ በምንለው አካባቢ አድርጎ፣ ጥር 3 ቀን 1855 ሐረር የገባው በአባን ነው። በጻፈው መጽሐፍ ላይ ስለ አባኖቹ ሲያማርር ብዙ ገጽ ያጠፋል፤ ሥርዓቱንም ከመተላለፊያ ቀረጥ ጥንታዊ መልኮች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። እያማረረም ቢሆን ግን በሰላም አለፈ። አደጋው የመጣው በኋላ ነው። በርበራ በዚያ ዘመን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የምትደምቅ፣ ሙቀቱ ሲገባ ሰው ጥሏት የሚሄድ የገበያ ከተማ ነበረች። በሚያዝያ 1855 ገበያው ተበትኖ ሲራራው ሁሉ ሲሄድ የበርተን ጓዶች ባሕሩ ዳር ብቻቸውን ቀሩ። ከቀናት በኋላ ሌሊት ጥቃት ደረሰባቸው፤ አንዱ መኮንን ተገደለ፣ በርተንም ጉንጩን በጦር ተወጋ። ገበያው ሲበተን አብሮ የተበተነው ሸቀጡ ብቻ አልነበረም፤ ሰውን ከሰው ጋር ያሰረው ገመድም ተበትኖ ነበር።

በደጋውም ቢሆን ለመንገደኛ ባዶ አልነበርንም። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ያለን ሰው እግሩን አጥቦ፣ መደብ አንጥፎ ማሳደር የአባቶቻችን ወግ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእግዜር እንግዳ ለአንድ ሌሊት ነው፣ አባን ግን መንገዱ እስኪያልቅ ነው። የእኛው ወግ የተሠራው አርሶ አደር ቤት ለደረሰ መንገደኛ ነው። የእነሱ የተሠራው ሁለቱም መንገደኛ ለሆኑበት ዓለም ነው። ዛሬ የምንኖረው በየትኛው ዓለም ነው? ደመወዝተኛው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ተማሪው፣ ተፈናቃዩ... ሁላችንም መንገድ ላይ ነን።

*የሲኖ ትራክ ጋቢና*

ዛሬ የጀልባ ኑሮ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ማየት የፈለገ የቶጎ ውጫሌን መንገድ ይመልከት። ከጅግጅጋ ወደ ድንበሩ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ በሐርጌሳ በኩል በርበራ አለ፤ አዲሱ የኮንቴይነር ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2021 የተመረቀበት ወደብ። በዚህ መስመር የሚሠራ ሾፌር ቤቱ ጋቢናው ነው። አልጋው ከመቀመጫው ጀርባ ነው። ረዳቱ ልጁም፣ ወንድሙም፣ ዘበኛውም ነው። ሰነድ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ኬላ ላይ ይጠብቃል፤ ጎማ እስኪጠገን ይጠብቃል። ጀልባዎቹ ነፋስ እንደሚጠብቁት እሱ ማህተም ይጠብቃል።

የሾፌር ወዳጆች እነማን ናቸው? ጎሚስታው፣ ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ከኋላው የሚመጣው ሌላ ሾፌር። መንገዱ ተዘጋ፣ እዚያ ማዶ ግርግር አለ፣ ዛሬ አትንቀሳቀስ የሚለው ስልክ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ከመገናኛ ብዙኃን ቀድሞ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የቆየ ሾፌር ሶማሊኛ መስማት ብቻ ሳይሆን መቀለድም ይችላል። ከቢሮ ሠራተኛው በፊት ሾፌሩ ቋንቋውን የሚለምደው ለምንድን ነው? ብልህ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መልሕቁ ቢለቅ የሚይዝለት ሰው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

አባን በዚህ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ልብሱን ቀይሯል። ደላላው፣ ትራንዚተሩ፣ «ሰው አለኝ» የሚለው ሁሉ የአባንን ክፍያ ወርሷል። የአባንን ኃላፊነት ግን ብዙዎቹ አልወረሱም። ዕቃህ ቢያዝ ስልኩን ያጠፋል። ድሮ ክፍያው የክብር መያዣ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ቦታ ክፍያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አንድን ልማድ ዘመናዊ ስናደርግ ብዙ ጊዜ የምንጥለው ዋናውን ነው።

ስለ መንገደኛ ከተማ ከተነሳ ሐርቲሼክ መዘንጋት የለባትም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአየር ስትደበደብ የሸሹ ሶማሌዎች በዚህች ጠረፍ ላይ ሰፈሩ። በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ በላይ ስደተኞች የነበሩበት፣ ከዓለም ትልልቅ መጠለያዎች አንዱ ሆነ፤ በ2004 ተዘጋ። በስተሰሜን በሲቲ ዞን ደግሞ ሽኒሌ፣ ኤረር፣ አይሻና ደወሌ የባቡሩን ፉጨት ሲሰሙ ኖረዋል፤ ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ሠራተኛና ነጋዴ ሰፍሮባት የተፈጠረች ከተማ ናት። የድሬ ልጅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ሲቀላቅል የሚያስቀን ሁሉ ልብ እንበል። ያ ቅልቅል የመጣው ሰው ሁሉ ከሌላ ቦታ መጥቶ ጎረቤቱን መልመድ ስለነበረበት ነው።

*«ዝውውሬ እስኪመጣ ነው»*

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጅግጅጋ ውስጥ ከሌላ ክልል መጥተው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ነጋዴዎች። ብዙዎቹ የሚናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «እኔ እንኳ ዝውውሬ እስኪመጣ ነው።» ይህን እያሉ አራት ዓመት፣ ስድስት ዓመት፣ አንዳንዱ አሥር ዓመት ይኖራሉ።

በእነዚህ ዓመታት የሚያውቁት ማንን ነው? እርስ በርሳቸው። አብረው ይከራያሉ፣ አብረው ያመልካሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያማርራሉ። ሶማሊኛቸው «ዋሪያ» ላይ ይጀምራል፣ «ዋሪያ» ላይ ያበቃል። ባጃጁን ይጠሩታል፣ ሻጩን ይከራከሩታል፣ የቤት አከራያቸውን በወር አንድ ቀን ያዩታል። ያ አሥር ወር የሰነበተ የጀልባ ሰው ማለት ይህ ነው፤ ከተማዋ ለእሱ ከመስኮት የሚታይ ሥዕል ናት። ተመልሶ ሲሄድ ስለ ሶማሌ ሕዝብ መጽሐፍ የሚያህል አስተያየት አለው፤ ስልክ የሚደውልለት አንድ የሶማሌ ወዳጅ ግን የለውም።

ጥፋቱ የአንድ ወገን ነው ካልኩ እዋሻለሁ። የከተማዋ ልጅም መጤውን ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ «ይሄ ይሄዳል» ብሎ ይመዝነዋል። ለሚሄድ ሰው ጊዜ አያባክንም። በሥራ ቦታ በአማርኛ ያዋራዋል፣ ከሥራ ሲወጡ ወደ ዘመዱ ይሄዳል። የዘመድ ሰንሰለቱ ጠንካራ ስለሆነ አዲስ ወዳጅ አያስፈልገውም። ሠርጉ ላይ አይጠራውም፤ ባይጠራውም የሚታዘበው የለም። ተመሳሳዩን አዲስ አበባ ላይ ገልብጣችሁ ታገኙታላችሁ። ቦሌ ሚካኤል የሚኖረው ሶማሌ ስንት ዓመት ኖሮ ስንቱ አዲስ አበቤ ቤት ገብቶ ቡና ጠጥቷል? «ቦሌ ሚካኤል ሶማሌዎቹ ጋ» ብለን አቅጣጫ ከምንናገር በቀር ምን እናውቃለን?

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ታሪክ አለ፤ ቀላልም አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የተደረገው ጦርነት ለአንዱ የድል በዓል ነው፤ ለሌላው ቤቱ ሁለት ጦር መካከል የወደቀበት ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት አሥርት ዓመታትም ሰው ጎረቤቱን በጥርጣሬ እንዲያይ ያስተማሩ ነበሩ። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ጅግጅጋ ውስጥ ሰዎች ተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ብዙዎች የለበሱትን ብቻ ይዘው ሸሹ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያ ጥቃት የደረሰው ሰዎች ወዳጅ ስላላፈሩ አይደለም። ተጠያቂዎቹ ያቀዱትና የፈጸሙት ናቸው፤ ተጎጂን «ቋንቋ ብትችል ኖሮ» ማለት ነውር ነው። ነገር ግን በዚያች ከተማ በእነዚያ ቀናት የነበሩ ሰዎች የሚናገሩት ሌላም ነገር አለ። ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው ያስገቡ፣ በር ላይ ቆመው «እዚህ ማንም የለም» ያሉ ሶማሌዎች ነበሩ። ማን አዘዛቸው? ማንም። የአባን ሕግ ያዘዛቸውን አደረጉ፤ እንግዳዬ ከተነካ እኔ ተነካሁ ነው ነገሩ። መንግሥት በጠፋባቸው ሰዓታት የቀረው ተቋም ይህ ብቻ ነበር። የወዳጅነት ጉዳይ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

*«መለያየት ላይቀር ለምን?»*

የሚነሱ ክርክሮችን አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ነገ ለምንለያይ ለምን እደክማለሁ?» የሚለው ነው። የጀልባዎቹም የግመል እረኞቹም መልስ ግልጽ ነው፤ የምትለያዩ ስለሆናችሁ ነው ዛሬውኑ መጀመር ያለባችሁ። ጊዜ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይወዳጃል፤ ጊዜ የሌለው ይፈጥናል እንጂ አይተወውም።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሶማሊኛ ከአምስቱ የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን የሚያደርገውን ፖሊሲ ያጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ፖሊሲ ሰውን አያናግርም፤ ቃል ግን ያናግራል። በቀን ሁለት ቃል የያዘ ሰው በዓመት ከሰባት መቶ በላይ ቃል አለው። ይህ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለመሳቅና ለማሳቅ ይበቃል። ተሳስታችሁ የምትናገሩት ሶማሊኛ በትክክል ከምትናገሩት አማርኛ የበለጠ ሰው ያቀርብላችኋል።

ሦስተኛው የጫት ነገር ነው። «እዚያ አገር ወዳጅነት በርጫ ላይ ነው፤ እኔ አልቅምም» የሚል ብዙ ነው። እውነት አለው። ለሴት ሠራተኛ ደግሞ ይህ በር ከመጀመሪያውም አልተከፈተም። ነገር ግን የጅግጅጋን ገበያ ያየ ሰው ያውቃል፤ ወተቱን፣ አትክልቱን፣ ልብሱን፣ ሻዩን የያዙት ሴቶች ናቸው። በየቀኑ ከአንዲት ሴት ወተት የምትገዛ፣ ስሟን የምታውቅ፣ ልጇ ሲታመም የምትጠይቅ መምህርት በርጫ ላይ ከሚቀመጠው ባልደረባዋ የጠለቀ ወዳጅነት ልታገኝ ትችላለች። ቤት የሚገባውም በዚህ በር ነው።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

ለመጤው የምለው አራት ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሄዳችሁ ጎረቤታችሁን ተዋወቁ፤ እስኪመጡ አትጠብቁ። «ኢስካ ዋራን» ስትባሉ «ደህና» ብላችሁ አትዝጉት፤ ወሬ ንገሩ፣ ወሬ ጠይቁ። ከመለመናችሁ በፊት ስጡ፤ የሙያችሁ ነገር ቢሆን ይመረጣል፤ መምህር ልጁን ያስጠናለት፣ የባንክ ሠራተኛ ፎርሙን ይሙላለት። ስትሄዱ ደግሞ ተሰናብታችሁ ሂዱ፤ ከሁሉም በላይ በእናንተ ምትክ የሚመጣውን ሰው ከወዳጃችሁ ጋር አገናኙት። እያንዳንዱ መጤ ከዜሮ የሚጀምርበት ምክንያት የቀደመው ሰው ወዳጆቹን እንደ ሻንጣ ይዟቸው ስለሚሄድ ነው።

ለከተማው ልጅ የምለው አንድ ነው። እንግዳ ይሄዳል ብለህ አትለፈው። «ኒን አን ዱል መሪን ዳዮ መሌህ» የምትለው አንተ ነህ፤ አገር ያላየ ሰው ዓይን የለውም። የሄደውና የዞረው ሰው ደጅህ መጥቶልሃል፤ ዓይኑን አበድረው፣ ዓይኑንም ተበደረው።

ለተቋማት ደግሞ ይህን እጠይቃለሁ። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሠራተኛ ሲቀበሉ መታወቂያና ቁልፍ ይሰጣሉ። ለምን አባን አይሰጡም? ለእያንዳንዱ አዲስ መጪ ፈቃደኛ የሆነ አንድ የከተማዋ ቤተሰብ ማገናኘት፣ ከሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን የሶማሊኛ ትምህርት መስጠት፣ በዓመት አንድ ጊዜ የተገናኙትን ማሰባሰብ ምን ያህል በጀት ይበላል? ለስብሰባ ከሚወጣው አበል ያነሰ ነው። አዲስ አበባም ከጅግጅጋ ለትምህርት ወይም ለሥራ ለሚመጣው ወጣት ይህንኑ ብድር ትመልስ።

ቶጎ ውጫሌ ላይ ደግሞ ለሾፌሮች ጥላ፣ ውሃ፣ መጸዳጃና መኝታ ያለው ማረፊያ ይሠራ። ስለ ኮሪደር ስናወራ አስፋልቱን እንጂ በአስፋልቱ ላይ የሚኖረውን ሰው አንቆጥርም። ሰው ተረጋግቶ የሚቀመጥበት ቦታ ሲኖር ነው ከጎኑ ያለውን የሚያየው።

የባሕር በር ነገር የመሪዎች ድርድር ነው፤ ነገ ይሁን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። የወደብ ጠባይ ግን የማንንም ፊርማ አይጠብቅም። በርበራ ላይ ወይም ሌላ ቦታ መልሕቅ የምንጥልበት ቀን ቢመጣ እዚያ የሚቀበለን ሰው በጅግጅጋ ጎረቤታችን የነበረው ሰው ዘመድ ነው። «ጎረቤቴ ሳለህ ስሜን ታውቀው ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን?

እናንተስ? ጅግጅጋ፣ ቀብሪበያህ፣ ሽኒሌ ወይም ቶጎ ውጫሌ የሠራችሁ፣ የኖራችሁ፣ ያለፋችሁ ካላችሁ የወዳጃችሁን ነገር ጻፉልን። ስሙን አትጥቀሱ፤ ዛሬ ግን ደውሉለት።

ሰላም ሁኑ።